እናንተ ጋ ዘነበ እንዴ?

የሻምበልን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እሱም ቢሆን በወጉ አይለይም፤ የእሳቸው ዶሮ እኛ ግቢ ትጥላለች፣ እኛ ቤት በርበሬ ሲታመስ እሳቸውን ያስነጥሳቸዋል።

እንዲህም ሆኖ ሰኔ ከገባ ጀምሮ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ሻምበል ናቸው።

«እናንተ ጋ ዘነበ እንዴ?»

ልብ በሉ፤ ጥያቄው የመጣው ከአጥር ማዶ ነው። እሳቸው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ እኔም ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። ሰማዩን ሸንሽኖ ካርታ የሰጠን የለም። ታዲያ ምን ብዬ ልመልስ? «የለም፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ ብቅ ብለው ይሙቁ» ልበላቸው?

መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። እያደር ግን ጥያቄው የዝናብ ጥያቄ አለመሆኑ ገባኝ። ሻምበል የሚፈልጉት ወሬ ሳይሆን ተባባሪ ነው። «አዎ፣ ዶፍ ነው» ካልኩ ከጠዋቱ ጉዞ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው የቀሩት በእኔ ምክንያት ነው። «ኧረ ካፊያ ናት» ካልኩ ደግሞ «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብለው ይነሡና ጉንፋን የያዛቸው እንደሆነ ዕዳው እኔው ላይ ይወድቃል። ዕድሜያቸውን በውትድርና የጨረሱ ሰው ማፈግፈግ ያውቁበታል። ትእዛዙ ግን ከሌላ ሰው አፍ መውጣት አለበት።

እኔም መላ አላጣሁም። «እርስዎስ ጋ?» እላቸዋለሁ።

ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ዝናቡ በሁለት ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። በመጨረሻ «እስቲ ሲስተርን ልጠይቃት» ብለው ይዘጉታል። የሲስተር ቤት ከእኛ በሦስት በር ዝቅ ብሎ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። እኛ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ሰዎች ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ዳገት ወጣ ብለን ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ስፖርት እንዳይመስላችሁ። ሩጫ የለም፣ ገመድ ዝላይ የለም፣ መቀመጥ ነው። ተቀምጦ ዛፍ ማየት፣ ወፍ መስማት፣ አፈር ማሽተት። ሐሳቡን ያመጣው የሰፈራችን ጎረምሳ ነው፤ አንድ ጂም ውስጥ አሰልጣኝ ነው። ጉልበታችንን አይቶ ብረት ማንሣቱ እንደማያዋጣን ሲገባው፣ «እንግዲያው እናንተ ከተፈጥሮ ጋር ተገናኙ» አለን።

«ተጣልተን ነበር እንዴ?» አሉ ሻምበል።

ጎረምሳው ግን ባዶ እጁን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት ዜጎቹ ጫካ እየገቡ፣ ሳይቸኩሉ እየተንሸራሸሩ፣ በደን አየር እንዲታጠቡ መምከር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማ ሰዎችን ምራቅ እየመረመሩ አንድ ነገር አገኙ፤ ዛፍና ሣር ባለበት ቦታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የተቀመጠ ወይም የተንሸራሸረ ሰው ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞኑ ደህና አድርጎ ይቀንስለታል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጠይቀው፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ ዘንድ የሚያሳልፉት ከማያሳልፉት ይልቅ «ጤናችን ደህና ነው» ሲሉ ተገኙ። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህራችን 120ን ወዲያው ለሰባት አካፈሉና «በቀን አሥራ ሰባት ደቂቃ ከምናምን፤ ይቻላል» አሉ። በዚህ ጸደቀ።

ደንብም ወጣለት፦ ስልክ የለም፣ ንባብ የለም፣ ወሬ የለም። የሚሺጋኖቹም ተሳታፊዎቻቸውን ያዘዙት ይህንኑ ነው። ስልኩን ቻልነው። ንባቡን ከድሮም ችለነዋል። ወሬው ላይ ነው ጉዱ። ሻምበል በየመሀሉ በረጅሙ ተንፍሰው «እህህ… ወይ ጊዜ!» ይላሉ። ይህ ትንፋሽ ነው ወይስ ወሬ በሚለው ላይ ክርክር ተነሥቶ፣ ክርክሩ ራሱ የዕለቱን ዝምታ ጨርሶታል። ሲስተር በየደቂቃው «ተመስገን» ትላለች፤ እሱን ጸሎት ነው ብለን አልፈነዋል።

ደግሞስ እኛ ዝም ብንል አላፊ አግዳሚው መች ዝም ይላል። በአገራችን አምስት ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዝም ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። አንዲት እናት «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብለውን አልፈዋል። አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «መሬቱ ሊለካ ነው እንዴ?» አለን። አይደለም ስንለው ጭራሽ ባሰበት፤ አጥብቆ ጠረጠረን። ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ደግሞ ተራ የምንጠብቅ መስሏቸው ከኋላችን ተቀመጡ። እውነት ለመናገር በዝምታው በለጡን።

ቢሆንም ግንቦት ደስ ይል ነበር። ያች አፏ ወደ ታች የቆለመመው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም የማትገኘው ጯሂ ወፍ ከነጓደኞቿ በላያችን እየተንጫጫች ታልፋለች። ጽዱ ይሸታል። ፀሐይዋ በቅጠል መሀል ሾልካ ትመጣለች። ሻምበል እንኳ አንድ ቀን ሳያቃስቱ ዋሉ።

ግንቦት ሊወጣ ሲል የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ደረቅ አፈር በዝናብ ሲመታ የሚነሣውን ያን ሽታ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሳይንቲስቶቹ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው ይላሉ፣ የሰው አፍንጫ ደግሞ ቅንጣቱን እንኳ አይስተውም። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን ሳብነው። «ይኸው፣ ዛሬ ተገናኘን!» አለ ጎረምሳው።

መለያየት የጀመርነው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሰኔ ዝናብ አመሉ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ነው። ስለዚህ በሰኔ የሚቀር ሰው ሁልጊዜ «ዘነበብኝ» ማለት አይችልም። እኛ ግን ቀረን፤ «ሊዘንብ ነው» ብለን። መምህር ወደ ሰማይ አይተው አንዲት ብጣሽ ደመና ካገኙ «ይቺ እኮ ዘር ናት» ይላሉ። ሲስተር ጉልበቷ ይነግራታል። የሻምበልን ዘዴ ነግሬያችኋለሁ።

ሐምሌ ሲገባ ሰበብ ፍለጋውም ቀረ። ዝናቡ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሽቅብ ይወጣል፣ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የተጫነው እርጥበት ደጋችን ላይ ይራገፋል። ሰው ዝናባም ከተማ ሲባል ለንደንን ይጠራል። ለንደን በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ1,100 ታልፋለች፤ የሐምሌና የነሐሴው ብቻ የለንደንን የዓመት ዝናብ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ስሙን ለንደን ወሰደች፣ ጭቃው ግን እኛው ጋ ቀረ።

ማታ ከዜና በኋላ የአየር ትንበያው ይመጣል። እሱም የራሱ አማርኛ አለው። ዝናብ ሰጪ የሚቲዎሮሎጂ ገጽታዎች ይጠናከራሉ፤ ዝናቡ መደበኛና ከመደበኛ በላይ ይሆናል፤ በጥቂት ቦታዎች ላይ ደግሞ ከባድ። ሻምበል ሪሞቱን ያስቀምጡና «ጥቂት ቦታዎች ያለው እኛን ነው» ይላሉ። የነገው ጉዞ እዚያው ሶፋ ላይ ያበቃለታል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ? ንጉሡስ ቀርተዋል፤ ሰማዩ ግን ዛሬም አይከሰስም።

ትንበያው ባይኖርም እንጦጦ ራሱ ይናገራል። ጠዋት በሩን ስከፍት ተራራው ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ እስከ አፍንጫው ከተሸፈነ፣ እኔም ወደ ጋቢዬ ነው የምመለሰው።

የሒሳብ መምህራችን በዚህ ጉዳይ ታሪክ ጠቅሰው አሳመኑን። ምኒልክ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ብርድ ነው፣ ንፋስ ነው፣ ማገዶውም ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ ታች ያለውን ፍል ውሃ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እንግዲህ ይህች ከተማ የተመሠረተችው ሰው ከእንጦጦ ብርድ ሸሽቶ ሲወርድ ነው። «ንጉሡ ከነሠራዊታቸው የወረዱትን ዳገት» አሉ መምህር፣ «እኛ በጡረታ ደመወዝ የምንወጣው ምን ቆርጦን ነው?»

መልስ አልነበረንም። ደግሞም ከተፈጥሮ ጋር እንገናኝ ብለን የምንደገፈው ዛፍ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ማገዶ ሲጠፋ በዚያው በምኒልክ ዘመን የገባ፣ ትውልዱ አውስትራሊያ የሆነ መጤ ነው። በበጋ አንከፋበትም። በክረምት ግን ጠባዩ ይወጣል። ቅጠሉ ቀጭን ሆኖ ቁልቁል የተንጠለጠለ ስለሆነ ለዝናብ መጠለያነት አይረባም፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም እሱ ከሥሩ ለተቀመጠ ሰው ለብቻው ያዘንብለታል።

ለነገሩ እኛ መጀመሪያውኑ ከንፋስ ጋር ተስማምተን የማናውቅ ሰዎች ነን። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ መስኮት ክፈቱና እዩ። አሥራ ምናምን ሰው አንድ ላይ ተፋፍጎ፣ የአንዱ ትንፋሽ የሌላውን አንገት እያሞቀ፣ መስታወቱ ጉም ለብሶ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ኧረ መስኮቱን! ብርድ ሊገድለን ነው!» ሲስተር ከጫካ ወርደን ታክሲ ስንሳፈር የመጀመሪያ ሥራዋ ያንን መስኮት መዝጋት ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አየር በአፍንጫዋ ስትስብ የቆየች ሴት! አንድ ቀን አላስችለኝ ብሎ ጠየቅኳት።

«ያ አየር ነው» አለች ሳትደናገጥ። «ይሄ ንፋስ ነው።»

ነርስ ስለሆነች ይግባኝ አይባልባትም።

ስቶክሆልም የምትኖር የእህቴ ልጅ አለች። ስትደውል የክረምቱን ነገር አጫወትኳት፤ ሳቀችብኝ። «አጎቴ፣ እዚህ እኮ ሕፃናት በዝናብም በበረዶም ደጅ ነው የሚጫወቱት። ጨቅላው እንኳ ጋሪው ውስጥ ተጠቅልሎ ውጭ ይተኛል» አለች። እናቷ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር። ስልኩን ከእጄ ቀማችኝና «እዚያ አገር እንዳትወልጂ!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ዳማከሴ በምን እንደሚላክ መጨነቅ ጀመረች፤ ገና ላልተፀነሰ ልጅ።

የእህቴ ልጅ ግን አንድ የስዊድኖችን አባባል ሹክ ብላኝ ነበር፦ መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ። ይህ አባባል ውስጤ ገባ። እውነት ነው፣ የጎደለን ልብስ ነው ብዬ ቦቲ ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። እግሬ 44 ቁጥር ነው።

«ጋሼ 42 ይሆንዎታል። ይለቃል» አለኝ ሻጩ።

«ቦቲ በምን ይለቃል? ፕላስቲክ እኮ ነው።»

«ሲሞቅ ይለቃል።»

«ለክረምት ነው የምገዛው፤ መቼ ይሞቃል?»

ትንሽ አሰበና «እሱም አለ። እንግዲያው እግርዎ ሲበርደው ይቀንሳል» አለኝ።

ጎረቤት ሱቅ ላከኝ። እዚያ ያለው 41 ነበር። ሦስተኛው ሱቅ ልክ የእኔ ቁጥር ተገኘ፤ ግን ሁለቱም የግራ። ሻጩ የቀኙን «ነገ ይመጣል» አለኝ፤ ነገ እሑድ መሆኑን ሳስታውሰው «ሰኞ» አለ። በመጨረሻ ጃንጥላ ገዝቼ ተመለስኩ። የጃንጥላን ገበያ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዋጋውን የሚተምነው ሰማይ ነው። ብራ ሲሆን ሻጩ እየተከተለ ይለምናችኋል። ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ያው ሰው፣ ያንኑ ጃንጥላ ይዞ፣ ፊቱን ያዞርባችኋል። እኔ ጠብ ጠብ ሲል ነው የገዛሁት። ስድስት ኪሎ ስደርስ ንፋሱ ገለበጠው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጎረምሳው በቴሌግራም ግሩፓችን ወቀሰን። «ጥናቱን አክብራችሁ ጀምራችሁ ነበር፤ ምነው?» አለ። መምህር ለካ ጥናቱን በልጃቸው አስወርደው አንብበውታል። «ተሳታፊዎቹ ቀኑንና ሰዓቱን ራሳቸው ይመርጡ ነበር ይላል» ብለው ጻፉ።

«እንግዲያው እኔ መስከረምን መርጫለሁ» አሉ ሻምበል።

ሌላ መላ ተዘየደ። የቤት ውስጥ ተፈጥሮ። እኛ በረንዳ ላይ ተሰብስበን ግቢ ውስጥ ያለውን በዝምታ ልናይ ተቀመጥን። ያለው አንድ ዳማከሴ፣ አንድ ጤና አዳምና አንድ መደብ ጎመን ነው። ዝም ብለን ጎመኑን አየን። ጎመኑም ዝም አለ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ ለረጅም ጊዜ ስትታዘበን ከቆየች በኋላ «ጎመኑ ላይ እንዲህ ከምታፈጡ ለምን አትቀጥፉልኝም?» አለች። ሲስተር ተነሥታ ቀጠፈች። ሻምበል ዘነዘና ፍለጋ ገቡ። ተፈጥሮን ያየነው በዚያ ሆነ፤ ምሳው ግን ጥሩ ነበር።

ጎረምሳው ይህን ሲሰማ አንድ ቅጂ ላከልን። ከፍቼ ሳየው የዝናብ ድምፅ ነው። በዓለም ላይ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የዝናብ ድምፅ በስልኩ እየሰማ እንደሚተኛ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ለማዳመጥ ሞከርኩ። በዚያው ቅጽበት በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው እንዲያ ሲንጫጫ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ብጨምረው አልሰማ አለ። በዝናቡ ምክንያት ዝናቡን መስማት አቃተኝ።

እኛ መሄድ ካቃተን እሷ መጣች። ተፈጥሮን ማለቴ ነው። መጀመሪያ በጣሪያ በኩል ገባች፤ አንድ ድስት፣ ሁለት ባልዲ፣ ከዚያም የባለቤቴ የቡና ረከቦት ሥር የነበረው ትሪ ተሰለፈላት። ክንፍ ያወጣ ምስጥ አምፑሉ ላይ ሠርግ ደገሰ። ቀንድ አውጣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ወጥቶ ተገኘ። ቁም ሣጥን ውስጥ ለሠርግ ያስቀመጥኩት ሙሉ ልብስ ሻገተ፤ አረንጓዴ፣ ለስለስ ያለ፣ ከየትኛውም መናፈሻ የማያንስ። ማታ ማታ ጅቡ ከዳገቱ ወርዶ አጥራችን ሥር ያሽካካል። የሻምበል ውሻ ያን ጊዜ ትንፍሽ አይልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለውን ተረት በየሌሊቱ እንሰማዋለን። ሻምበልም ከውሻው በኋላ በትራቸውን ይዘው ይወጡና «ማነህ?! ቁም!» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ጅቡ ጫካው ደርሷል።

አንድ ቀን ግን ወጣን። ዝናቡ ሌሊቱን አባርቶ አደረ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ሰበብ ጠፋ። ሻምበል ደውለው እንኳ «እናንተ ጋ አልዘነበም እንዴ?» ያሉት በቅሬታ ድምፅ ነበር። አምስታችንም በየበራችን እየተፋፈርን ወጣን።

ግማሽ መንገድ ላይ ያዘን። ከሰሜን በኩል ጠቆረ፣ አንዴ ብልጭ አለ፣ ወረደ። ባሕር ዛፉ ሥር ተጠጋን፤ ጠባዩን ነግሬያችኋለሁ። የመምህር መነጽር ጭጋግ ለበሰ። ጫማዬ ከጭቃው ጋር ቀረ፣ እግሬ ብቻውን መጣ። ጎረምሳው «ዓይናችሁን ጨፍኑና ድምፁን አዳምጡት» ይለናል፤ ሻምበል «ልጄ፣ እኔ አሁን ድምፁ መስሎሃል የሚያስቸግረኝ?» ይሉታል።

በዚህ መሀል ከላይ በኩል ሴቶቹ መጡ። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች። ወገባቸው እስኪታጠፍ ድረስ ከራሳቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሸክመው፣ ከላይ ላስቲክ ጣል አድርገው፣ በዚያ በሚያዳልጥ ቁልቁለት ላይ ሳይቸኩሉም ሳይዘገዩም ይወርዳሉ። የአንዷ እግር ላይ ያለው የፕላስቲክ ጫማ በሲባጎ የታሰረ ነው። ከእሷ ኋላ አንድ ሯጭ፣ ስስ ጃኬቱ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ሽቅብ ወደ ላይ አለፈን፤ ቀና ብሎም አላየን።

ሴትየዋ ግን አየችን። ሸክሟን ሳታወርድ ቆም አለች።

«ምነው አባቶቼ፣ በዚህ ዝናብ? እናንተን ደግሞ ምን ቸገራችሁ?»

ማናችንም ቶሎ አልመለስንም። ጎረምሳው ነው የቀደመው። «ተፈጥሮን ልናይ መጥተን ነው እናቴ።»

ዞር ብላ ወዲያና ወዲህ አየች። ጭቃውን፣ ጉሙን፣ አምስታችንን።

«ታዲያ አያችኋት?»

ከኋላዋ ያለችው ባልንጀራዋ «ካገኛችኋት ለእኛም አንድ ቀን ፀሐይ ታውጣልን በሉልን!» ብላ ጨመረች። ተሳሳቁና ወረዱ። ገበያው ሳያልፍባቸው መድረስ አለባቸው፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ይከብዳል እንጂ ዋጋ አያወጣም።

ቁልቁል ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን አከበርን። ሻምበል እንኳ «ወይ ጊዜ» አላሉም። ሲስተር አንዱን ሸክም የማገዝ ሐሳብ ነበራት፤ ለማንሣት ሞክራ ቀርታ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ታክሲ ውስጥ ስንገባ ያን ዕለት መስኮቱን አልዘጋችም። ሌላ ሰው ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ጉዞው በቀን መቁጠሪያ መተላለፍ ጀመረ። ሲስተር «ፍልሰታ ነው፤ ጠዋት ኪዳን አለብኝ» አለች። ሻምበል ተረት መዘዙ፦ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት። «ቡሄ ይለፍና እንወጣለን» አሉ። ቡሄ መጣ፤ ልጆቹ በዶፍ ውስጥ በራችንን እየደበደቡ ጨፈሩልን፣ ሙልሙል ተቀብለው ከነዝናባቸው ሄዱ። ቡሄ አለፈ። ክረምቱ ተረቱን አልሰማ ኖሮ ዘነበ።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። በዚያ ቀን የሚወርደው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ይታመናል፤ ልጅ አዋቂው ራሱን ገልጦ ይወጣበታል። ክረምቱን ሙሉ ከካፊያ የተሸሸጉት ሻምበል ያን ጠዋት በቁምጣና በነጠላ ግቢያቸው መሀል ቆመዋል። ሲስተር የልጅ ልጆቿን አሰልፋ ባልዲ ደርድራለች። መምህር ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። እኔም አልዋሻችሁም፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ወጥቻለሁ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። አንዲት ብጣሽ ደመና የለችም። ፀሐይዋ የሻምበልን መላጣ አቃጠለችው። ሰባት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ።

«እናንተ ጋ ዘነበ እንዴ?»

በአጥሩ ቀዳዳ ይታዩኝ ነበር፤ አንጋጠው ነው የሚያወሩት። «የለም ሻምበል» አልኳቸው። «እስቲ ሲስተርን ልጠይቃት» አሉ። ዝናቡ የመጣው በማግሥቱ ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ቤታችን ነበርን።

መስከረም ጠባና አደይ አበባው ዳገቱን አለበሰው። እኛም ምንም እንዳልተፈጠረ ጠዋት ጠዋት እየወጣን ነው። የክረምቱን ነገር የሚያነሣ የለም። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሲያልፉ ያቺ ሴት ታውቀናለች፤ ከሩቅ «ዛሬስ?» ትለናለች፣ ጎረምሳው አንገቱን ይደፋል።

ክረምቱ እንደሆነ ሰኔ ላይ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ መርካቶ ቦቲ የምትነግዱ ወገኖቼ፣ አደራችሁን፣ ግንቦት ሳይወጣ 44 ቁጥር አስገቡ፤ ከተቻለ ግራና ቀኙን። የሻምበል 43 ነው። እሳቸው ግን ከአሁኑ «ለእኔ ብለህ ሰው አታስቸግር» እያሉኝ ነው።